መስኮቱን የሚከፍተው ማን ነው? በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤትና በመንግሥት ቢሮ ስለምንተነፍሰው አየር

የሽሮሜዳዋ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይልብኛልና ታገሡኝ።

እናቴ ስኳር አለባት። በየወሩ ክትትል ስላላት ጤና ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ሠራተኞቹ ከአቅማቸው በላይ የሚለፉ ሰዎች ስለሆኑ ስማቸውን ማንሣት አልፈልግም። ጠዋት 1፡30 ደርሰን ካርድ እናወጣለን፣ ከዚያ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን። ሐኪም ጋ እስክንገባ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አራት የሆነበትም ቀን አለ።

ክፍሉ ሁለት መስኮት አለው። አንደኛውን የካርድ መደርደሪያ ጋርዶታል። ሁለተኛው ክፈፉ ላይ ሦስት ምስማር ተመቶበታል፣ መስታወቱ ላይ የክትባት ፖስተር ተለጥፎበታል። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀምጠናል። ሕፃን ያዘለች አለች፣ ነፍሰ ጡር አለች፣ ጥግ ላይ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ከውስጥ የሚያስል ሰው አለ። ክረምት ላይ መስታወቱ ያልበውና ውሃው ፖስተሩን እያራሰ ይወርዳል።

አንድ ቀን ጥበቃውን “አባባ፣ ይቺን መስኮት ቢከፍቱልን” አልኳቸው። “ልጄ፣ ሌባ ገብቶባት ነው የተመታችው። ምስማሩን ብነቅል እኔ ነኝ የምጠየቀው። ጠቅላላ አገልግሎትን ጠይቂ” አሉኝ። ጠቅላላ አገልግሎት ሄድኩ። ሕንፃው ላይ ማንኛውም ነገር የሚነካው ከክፍለ ከተማ ሲፈቀድ ነው ተባልኩ። ክፍለ ከተማ ደግሞ የጤና ጣቢያው ኃላፊ በደብዳቤ ይጠይቅ አሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ከወራት በኋላ እናቴ ማሳል ጀመረች። ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ ቀሚሷ ሰፋት። አክታዋ ሲመረመር ሳንባ ነቀርሳ ሆነ። አሁን የስድስት ወሩን መድኃኒት ጀምራለች። ከዚያች ክፍል ነው የያዛት ብዬ ልምል አልችልም። ታክሲም ትሳፈራለች፣ ለቅሶም ትደርሳለች። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ስላለው አየር “እኔን ይመለከተኛል” የሚል አንድ ሰው አለማግኘቴ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ቧንቧው ቆሻሻ ውሃ ቢያወርድ የሚጠየቅ መሥሪያ ቤት አለ። አየሩስ? ሕግ የምታውቁ፣ ሕንፃ የምታውቁ፣ ሕክምና ቤት የምትሠሩ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዘመኑ_መርካቶ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡48

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ እህቴ።

ግን የተሰማኝን ልናገር። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ናት። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የታዘዘልሽ መድኃኒት የለም ትባያለሽ። ይህ ሁሉ ባለበት መንግሥትን የአየር ተጠያቂ ማድረግ ቅደም ተከተሉን የሳተ ይመስለኛል። ደግሞስ መስኮት የሚዘጋው መንግሥት ነው ወይ? እኛው ነን። ታክሲ ውስጥ “መስኮቱን ክፈቱት” በይና ሞክሪ። “ብርድ ይመታኛል”፣ “ልጄን ንፋስ ያገኘዋል” ብሎ የሚዘጋው ተሳፋሪው ነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ተሳፋሪ በግማሽ ተቀንሶ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ እንሄድ ነበር። ፍርሃቱ ሲያልፍ ተመልሶ ተዘጋ። ሰው ሳይለወጥ ደንብ ቢወጣ ምን ይሠራል?

ሲስተር_ነኝ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡05

የሽሮሜዳዋ፣ እናትሽን ይማርልን። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከጨረሰች ትድናለች፤ በዚህ አትጠራጠሪ።

እኔ የቲቢ ክፍል ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ቤት ለቤት ስሄድ ሁሌ የማየው ነገር አለ። የታማሚዋ ብርጭቆ ተለይቷል፣ ሳህኗ ተለይቷል፣ መኝታዋ ተለይቷል፤ መስኮቱ ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ቲቢ በብርጭቆ አይተላለፍም። ያልታከመ ሰው ሲያስል፣ ሲዘፍን፣ ሲያወራ የሚወጣው ጠብታ ቶሎ ደርቆ እጅግ የቀለለ ብናኝ ይሆንና አየር ላይ ይንሳፈፋል። መሬት አይወርድም። ሰውየው ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ለሰዓታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። እሱን ከክፍሉ የሚያወጣው የሚያልፍ ንፋስ ነው። ስለዚህ የእናትሽን ዕቃ ለይተሽ ከሆነ መልሺው፣ ሞራሏን ነው የሚጎዳው። መስኮቷን ክፈቺ።

ዘመኑ ወንድሜ፣ “ቅደም ተከተል” ላልከው አንድ ነገር ልንገርህ። ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ በስምንት ሆስፒታሎች የክፍሎችን አየር የለኩ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ገደማ ይለወጣል። በውድ ማሽን አየር የሚገባላቸው ክፍሎች ግን የሚለወጡት በሰዓት 12 ጊዜ ነበር። ከሁሉ የበለጡት ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ጣሪያቸው ረጅም፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆኑ አሮጌ ሕንፃዎች ናቸው፤ 40 ጊዜ። መድኃኒት ከውጭ ይገዛል፣ ዶላር ይፈልጋል። መስኮት ግን ግድግዳችን ላይ አለ። ዘግተን ያስቀመጥነው መድኃኒት ነው የምልህ።

ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን የእንጦጦ ዳገት ላይ ያየ ሰው ይገባዋል። በዓለም ሁሉ የቲቢ ሆስፒታል ንፋስ ወዳለበት ከፍታ የሚወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የኔን ክፍል ልንገራችሁ። ጠረጴዛዬን ያስቀመጥኩት ንፋሱ ከጀርባዬ ገብቶ፣ በእኔ አልፎ፣ በታማሚው በኩል አድርጎ በወዲያኛው መስኮት እንዲወጣ ነው። አንድ ጊዜ ዕረፍት ላይ ሆኜ ክፍሉ ቀለም ተቀባና ስመለስ ጠረጴዛው ዞሯል፤ እኔ ከታማሚው ኋላ፣ ንፋሱ ከእሱ ወደ እኔ። “እንዲህ ያምራል” አሉኝ። በራሴ ጉልበት ገፍቼ መለስኩት። መመሪያው ላይ ስለ አየር ዝውውር ተጽፏል፣ የሚያስል ሰው ተለይቶ ቅድሚያ እንዲታይም ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለተኝቶና ለተመላላሽ ታካሚ ክፍል ለአንድ ታካሚ በሰከንድ 60 ሊትር ንጹህ አየር ብሎ ቁጥሩን አስቀምጧል። ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ክፍሌን ገብቶ “አየሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?” ብሎ የጠየቀኝ ተቆጣጣሪ አልገጠመኝም። የሚጠየቀው መዝገቡ መሞላቱ ነው።

ትዕግሥት_አ | ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡30

ሲስተር፣ ስለ ብርጭቆው የተናገርሽው ልቤን ነካው። አጎቴን እስኪሞት ድረስ በሳህን ለይተነው ነበር።

መሐንዲስ_ዘባሕርዳር | ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ቁጥሩን እናስላው፣ ምክንያቱም ቁጥር ሲመጣ “ብርድ ነው፣ ሙቀት ነው” የሚለው ክርክር ያበቃል።

ሲስተር ያለችው 60 ሊትር ለሕክምና ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለቢሮና ለመሰል ቤቶች ያስቀመጠው ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ነው። በዚህ በትንሹ እንጀምር። የሽሮሜዳዋ የነገረችን ክፍል ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው እንበል። የሚይዘው አየር 90 ሜትር ኩብ ነው። 30 ሰው በሰከንድ 300 ሊትር ይፈልጋል፤ በሰዓት ሲባዛ 1,080 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስለዚህ የክፍሉ አየር በሰዓት 12 ጊዜ መለወጥ አለበት። መስኮቱ ምስማር ተመትቶበት፣ በበር ሥር በምትገባው አየር ብቻ በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ መለወጡን እጠራጠራለሁ።

አሁን ደግሞ ከወዲያ በኩል እንየው። ተቀምጦ የሚጠብቅ አዋቂ ሰው በሰዓት ወደ 18 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 30 ሰው 540 ሊትር። ይህ 90,000 ሊትር አየር ውስጥ ሲገባ፣ ክፍሉ ጭራሽ ባይተነፍስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 6,000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ አየር 6,000 እጅ ማለት ነው) ይጨምራል። ውጭ ያለው መጠን 420 ገደማ ነው። ለሰው 10 ሊትር በሰከንድ የሚገባ ከሆነ ግን ቁጥሩ 900 አካባቢ ላይ ይቆማል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በዚህ መጠን ሰው ይገድላል ማለቴ አይደለም። ከምንስበው አየር ምን ያህሉ ከሌላ ሰው ሳንባ እንደወጣ ይነግረናል። መለኪያው እጅ ላይ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው፤ አንድ ወረዳ አንዱን ገዝቶ ቢሮዎቹን፣ ትምህርት ቤቶቹንና ጤና ጣቢያውን በየተራ ሊለካበት ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሕንፃው ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ሰዎች ድርሻ አለን። ድሮ የተሠሩትን ቢሮዎች ተመልከቱ፤ ከበሩ በላይ ትንሽ መክፈቻ አላቸው፣ ጣሪያቸው ረጅም ነው። አሁን የምንሠራው መስታወት ነው። ተንሸራታቹ የአሉሚኒየም መስኮት ሲከፈት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ፕላኑ ላይ ግን ሙሉው እንደ መስኮት ይቆጠራል። ኮሪደሩ መሐል፣ ቢሮው ግራና ቀኝ ነው፤ በሩ ከተዘጋ አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ የለም። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ይገባና አዳራሹን በቺፕውድ እስከ ኮርኒሱ ይከፋፍለዋል። መሐል ላይ የቀረው ሠራተኛ መስኮት የሚባል ነገር አያገኝም።

የሕንፃ ሹም ፕላኑን ያያል፣ ግንባታውን በየእርከኑ ይከታተላል፣ መጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል። ክፍሉ ከዚያ በኋላ ተከፋፍሎ፣ መስኮቱ ተመትቶ፣ መደርደሪያ ተገትሮበት እንደሆነ ተመልሶ የሚያይ የለም። ክፍተቱ ያለው እዚያ ነው።

ደግሞ መንግሥት ብዙ ቢሮ የሚከራየው ከግለሰብ ነው። ተከራይ ደግሞ አቅም አለው። የኪራይ ጨረታው ሰነድ ላይ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ ፓርኪንግ ተብሎ ይጠየቃል። “ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር አየር የሚያስገባ፣ በሁለት አቅጣጫ የሚከፈት መስኮት” የሚል አንድ መስመር ቢጨመርበት አከራዮች በአንድ ዓመት ውስጥ ሕንፃቸውን ያስተካክሉ ነበር።

መምህር_ከደብረብርሃን | ረቡዕ ከሰዓት 7፡40

መሐንዲስ፣ ስሌትህን ወድጄዋለሁ፤ እኔ ጋ ግን ውርጭ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ልጆቹ ሹራብ ሳይኖራቸው ሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው መጥተው ይቀመጣሉ። ጣታቸው እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል። እንዲህ ሆነው መስኮት ክፈቱ ማለት ይከብደኛል።

ክፍሌ ውስጥ 64 ተማሪ አለ። ከመስኮቶቹ ሁለቱ መስታወታቸው ተሰብሮ በላሜራ ተሸፍነዋል፣ አይከፈቱም። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስደርስ የምነግራችሁ ነገር በየቀኑ አይቀርም፤ ከኋላ ያሉት ጭንቅላታቸውን ዴስኩ ላይ ይጥላሉ። ለብዙ ዓመት ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር። በዱላ አስነሥቼም አውቃለሁ፤ ይህን ስጽፍ ያመኛል። አንድ ቀን የቤት ሥራ ላርም በዕረፍት ሰዓት ብቻዬን ቀረሁና እኔም ያንኑ ድንዛዜ አገኘሁት። ወጥቼ ስመለስ የክፍሉ ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጆቹ የሚውሉት እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ደወል በተደወለ ቁጥር ልጆቹን በሙሉ አስወጣለሁ፣ በሩንና የሚከፈቱትን መስኮቶች ወለል አድርጌ አሥር ደቂቃ እተዋለሁ፣ ከዚያ ዘግተን እንማራለን። ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ነው የምናጠፋው፣ የጠመኔው ብናኝ እንዳይነሣ። ይህ የአንድ መምህር ሐሳብ ነው። ጎረቤቴ ክፍል አይደረግም፤ እኔ ስዛወርም ይቀራል። መንግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከመስኮቱ በላይ፣ ከልጆቹ ራስ ከፍ ብሎ፣ ንፋሱ ሳይመታቸው አየር የሚያስገባ ክፍተት መሥራት የእኔ ሥራ አይደለም። ላሜራውን ነቅሎ መስታወት ማስገባትም ከእኔ ደመወዝ አይሆንም።

ከግቢያችን ጥግ የምገባ ማዕድ ቤት አለ። እናቶቹ ለልጆቹ በእንጨት ነው የሚያበስሉት፤ ጢሱ መውጫ የለውም። እሱም የመንግሥት ሕንፃ ነው። ዓይናቸው ሁሌ ቀልቶ ነው የማገኛቸው።

ጠበቃው | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡15

የሽሮሜዳዋ፣ ጥያቄሽ የሕግ መልስ አለው፤ ግን በአንድ ቦታ ተጽፎ አይገኝም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 42 ሠራተኛው ጤናማና ለአደጋ የማያጋልጥ የሥራ አካባቢ እንዲኖረው ይላል። የሕንፃ አዋጁ ደግሞ ክፍሎች ለተሠሩበት አገልግሎት ጤናን ሳይጎዱ የሚያገለግሉበት ብርሃንና አየር እንዲኖራቸው ይፈልጋል። እና መብቱ አለ። የጎደለው ቁጥርና ባለቤት ነው። ስንት ሊትር? የሚለካው ማን? ሲጎድል የሚቀጣው ማን? አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚገዛው አዋጅ 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም፤ እሱ የሚተዳደረው በራሱ አዋጅ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ገብቶ የሥራ ሁኔታ የሚያየው ተቆጣጣሪ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ገብቶ መዝገብ ቤቱን አያይም። መንግሥት ራሱ የሕንፃው ባለቤት፣ ራሱ አሠሪ፣ ራሱ ተቆጣጣሪ ሲሆን የሚያስገድደው ጠፋ ማለት ነው።

ዘመኑ፣ “ሰው ሳይለወጥ ደንብ ምን ይሠራል” ላልከው ግን ማስረጃ አለኝ። ሲጋራን ተመልከት። ቢሮ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሲጨስ እናውቃለን። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቦታና በሥራ ቦታ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ከለከለ፤ ከበርና ከመስኮት በ10 ሜትር ውስጥም እንዳይጨስ ደነገገ። በሁሉም ቦታ ተከብሯል አልልም። ግን ዛሬ ቢሮ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ቢኖር “ወንድሜ፣ ክልክል ነው” ማለት ትችላለህ፤ እሱም ያፍራል። ያ አዋጅ ከመጣ ወዲህ መንግሥት የዝግ ቤት አየር እንደሚመለከተው በሕግ ፈርሟል ነው የምለው። ጢሱን ማስወጣት ከቻለ፣ አየሩን ማስገባትም የዚያው ኃላፊነት ሌላው ግማሽ ነው።

የሚያስፈልገን አዲስ አዋጅ አይደለም። በሕንፃ አዋጁ ሥር ቁጥር ያለበት መመሪያ፣ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚደረግ ምርመራ፣ ውጤቱም በር ላይ የሚለጠፍ። ደግሞ በስም የሚጠራ ኃላፊ።

ዘመኑ_መርካቶ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡00

ጠበቃው፣ የሲጋራውን ምሳሌ ተቀብያለሁ። መምህር፣ የልጆቹ ነገር አሳዘነኝ፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ የምተኛ ተማሪ ነበርኩ።

አሁንም የምፈራው ገንዘቡን ነው። “የአየር ጥራት ፕሮጀክት” ተብሎ ባጀት ይያዝና ማሽን ተገዝቶ በዓመቱ ተበላሽቶ ጥግ ይቆማል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ምስማር ነቅሎ፣ በምስማሩ ቦታ ፍርግርግ ብረት አስገብቶ፣ ሌባውንም ከልክሎ መስኮቱን መክፈት ከሆነ ግን እደግፋለሁ። ብየዳ ሠራተኛ ነኝ፤ ለአንድ መስኮት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መዝገብ_ቤት_17_ዓመት | ረቡዕ ከምሽቱ 3፡25

ስሜ እንደሚነግራችሁ ነኝ። መዝገብ ቤት ሁሌ ምድር ቤት ነው፣ ወይም ከዚያም በታች። እኛ ጋ መስኮቱ ከኮርኒሱ ሥር ያለች አንድ ጠባብ መስመር ናት፤ የምትከፈተው ወደ ጄኔሬተሩ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የናፍጣው ጭስ በእሷ ይገባል፤ ስለዚህ ጨርቅ ጠቅጥቀንባታል።

ፋይል ስታወጣ አቧራው ይነሣል። ወረቀቱ የ1970ዎቹ ነው፤ ሻግቷል። ማስክ የምገዛው ራሴ ነኝ። በእኛ ክፍል አራት ሆነን ሦስታችን አፋችን ውስጥ የምንነፋት መድኃኒት በቦርሳችን አለች። ሐኪሙ “ሥራሽ ምንድን ነው?” ይላል፤ ስነግረው ራሱን ይነቀንቃል።

ሌላም ላንሣ። ቢሮ ውስጥ ቡና የሚያፈላ ሁሉ ይስማኝ። ባለፈው ዓመት በክረምት፣ አርብ ከሰዓት፣ በሩ ተዘግቶ ከሰል ላይ ቡና ተፈልቶ ነበር። አንዷ ባልደረባችን ራሴን አመመኝ ብላ ተነሥታ በሩ ጋ ወደቀች። ኮሪደር ላይ ስናወጣት ነቃች። እግዜር አወጣን።

ሲስተር_ነኝ | ረቡዕ ከምሽቱ 3፡50

እትዬ፣ ያ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሰው “ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ማስገባት ይቻላል” ይላል፤ የፋመው ከሰልም ያወጣዋል። ዝግ ክፍል ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ከመጣ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ቡናው ደጅ ይፈላ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ | ሐሙስ ጠዋት 12፡30

አሜሪካ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ትምህርት ቤት ውስጥ የጽዳትና የጥገና ሠራተኛ ሆኜ 11 ዓመቴ ነው። ብዙ ሰው “እዚያ ሕግ አለ” ብሎ ያስባል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ የሚሉት፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ አየር ደንብ አርቅቆ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ሰረዘው። እስከ ዛሬ ለሁሉም ሕንፃ የሚሠራ የፌዴራል መለኪያ የለም። የበሽታ መቆጣጠሪያው መሥሪያ ቤት ሲዲሲ በ2023 እ.ኤ.አ. አየሩ በሰዓት ቢያንስ 5 ጊዜ እንዲለወጥ አለ፤ ምክር ነው እንጂ ትዕዛዝ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ትምህርት ቤት አየሩ የተራራ ነው፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ደግሞ ይሸታል። ጥሩ ርዕሰ መምህርና ጥሩ ባጀት ያለው ልጅ ጥሩ ይተነፍሳል። አገራችን ይህን ባይደግመው እመኛለሁ።

ከሥራዬ አንዲት ነገር ላካፍላችሁ። ማጣሪያው ሲለወጥ ክፈፉ ላይ በማርከር ቀኑንና ስማችንን እንጽፋለን። ሲጀመር አልወደድኩትም። አሁን ግን ስሜ ያለበትን ማጣሪያ ጊዜው ሳይደርስ ቆሽሾ ካየሁት ማንም ሳያዘኝ እለውጠዋለሁ። ጠበቃው “በስም የሚጠራ” ያሉት ይህን አስታወሰኝ።

ከብራስልስ | ሐሙስ ጠዋት 3፡10

ቤልጂየም በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ዝግ ቦታዎችን አየር የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። ከተቀመጡት ደረጃዎች ጥብቁ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ900 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወይም ለአንድ ሰው በሰዓት ቢያንስ 40 ሜትር ኩብ አየር እንዲገባ ነው፤ መሐንዲስ ካሰላው ጋር ገጠመልኝ። መለኪያው ሰው በሚያየው ቦታ እንዲቀመጥ ነው ሐሳቡ። አፈጻጸሙ ዝግ ያለ ነው፣ ሕግ ወጣ ማለት ቤቱ ሁሉ በማግስቱ ተስተካከለ ማለት አይደለም። ግን ቁጥሩ ተጽፏል።

የሽሮሜዳዋ | ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡00

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳነብ አልቅሻለሁ፣ ተምሬያለሁም።

ሐሙስ የእናቴን መድኃኒት ላመጣ ስሄድ ይህን ውይይት በስልኬ ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። የሲስተርንና የመሐንዲስን አነበብኩላቸው። እሳቸው ራሳቸው ሐኪም ናቸው፤ ዝም ብለው ሰሙኝና አብረውኝ ወጥተው ክፍሉን አዩት። “በየቀኑ በዚህ አልፋለሁ” አሉ። መደርደሪያውን በዚያው ሰዓት ሁለት ልጆች ጠርተው አስገፉት። ከኋላው ያለው መስኮት ሲከፈት አቧራው ከተነሣ በኋላ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። አንዲት ሴትዮ ግን ነጠላዋን ተከናንበው ቦታ ለወጡ። ዘመኑ ያልከው እውነት ነው፤ ቢሆንም ዝጉት ያለ የለም።

ምስማር የተመታበት ግን አልተነካም። የሕንፃው ጉዳይ የክፍለ ከተማው ነው፣ ፍርግርግ ብረት ለማስገባት ደብዳቤ ያስፈልጋል ብለዋል። እሳቸው ሊጽፉ ቃል ገብተዋል፤ እኔም እንደ ተገልጋይ የራሴን ማመልከቻ ለሕንፃ ሹሙ ላስገባ ነው። አግዳሚ ላይ አብረውኝ የሚቀመጡ 23 ሰዎች ፈርመውበታል። ሰኞ ጠዋት እወስደዋለሁ። ጠበቃው፣ ብልክልዎ ያዩልኛል?

ዘመኑ_መርካቶ | ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡20

ደብዳቤው ከተፈቀደ ብረቱን እኔ እሠራዋለሁ። የእጅ ዋጋ አልቀበልም፣ ብረቱን ብቻ ይግዙ። ልኬቱን ላኪልኝ።

ጠበቃው | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡05

ላኪልኝ፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ። ሁለት ነገር ከወዲሁ አስተካክይ። “እንዲታሰብልን በትሕትና እንጠይቃለን” ብለሽ ከሆነ አውጪውና “በሕንፃ አዋጁ መሠረት እንዲፈጸምልን” በይ። ደግሞ የክፍሉን ስፋት፣ የሰውን ብዛትና መሐንዲስ ያሰላውን ቁጥር ጨምሪበት። ግልባጭ ለጤና ቢሮ።

መዝገብ_ቤት_17_ዓመት | ቅዳሜ ከምሽቱ 2፡30

ልጄ፣ ሁለት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። አንዱ ላይ ገቢ ያደረጉበትን ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ካልያዝሽ ከመዝገብ ቤቱ እንዳትወጪ። የኛም ክፍል ማመልከቻ ሰኞ ይገባል፤ ከአንቺ ነው የቀዳሁት።